የመጀመሪያው «ደህና»

ሰፈሩ «ደህናው» ይለዋል። ሰፈር ስም ሲያወጣ መቼ ተሳስቶ ያውቃል! ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ፊት ቆሞ ገቢ ወጪውን ሲቀበል ይውላል፤ «እንዴት ነህ?» ያለው ሁሉ የሚያገኘው መልስም አንድ ነው፦ «ደህና! በጣም ደህና! ተመስገን!» አንድ ጊዜ ምላጩ አውራ ጣቱን ገሽልጦት ደሙ ፎጣው ላይ ሲንጠባጠብ ያየ ደንበኛ ደንግጦ «ምን ሆንክ?» ቢለው፣ «ኧረ ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ አትነቃነቅ» ብሎ ጢሙን ላጭቶ ጨርሶለታል። ሰፈሩ ይህን ወሬ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል።

ሳቁን እንተወውና፣ ይህ አመል የእሱ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ሰው ቤቱ ተቃጥሎ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ «ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ነው «ብቻ ምን መሰለህ…» ብሎ የሚጀምረው። የመጀመሪያው «ደህና» በር ማንኳኳት ነው። ያንኳኳውን ሁሉ ገብቷል ብሎ የሚቆጥር ማን አለ? ይህንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የማያውቀው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ደህናው ሁለት ልጆች አሉት። ትልቁ ወንድ ልጅ ተማሪ ነው። ትንሿ ገና አፏን እየፈታች ያለች ልጅ ናት፤ ወደ ቤት ስትገባ ጉንጯ ቀድሟት ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ስሟ ለቤቱም ለጎረቤቱም «ድምቡሼ» ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ከተናገረቻቸው ቃላት አንዷ፣ መቼም የአባቷ ልጅ ናትና፣ «ደህና» ነበረች። «ድምቡሼ፣ እንዴት ነሽ?» ሲሏት አገጯን ቀና አድርጋ በአባቷ ዜማ «ደህና!» ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነው። እናቷ ከልብስ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ውላ ደክሟት ገብታ፣ ልጅቷን ጭኗ ላይ አጋድማ ፀጉሯን ትዳብሳለች። መብራቱ ከጎን በኩል ፊቷ ላይ አረፈ። የልጅቷ የግራ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ አብለጨለጨ።

«አንተ! ና እስቲ! ና እይልኝ!»

ደህናው እጁን እያደራረቀ መጣ። ልጅቷ ግን ድምፅ ስትሰማ ዞር ብላ ነበርና ብርሃኑ ጠፋ።

«ምኑን ነው የማየው?»

«ዓይኗ! ነጭ ሆነ እኮ! እንደ ድመት ዓይን!»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ ምንም አላየሁም።»

«ተው፣ በዓይን አትማልብኝ!» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

የድምቡሼ የዕድገት ክትትል ቀጠሮ ቅርብ ነበር። እናቲቱ ፈቃድ ብትጠይቅ አለቃዋ «አይሆንም» አለቻት፤ ስለዚህ ልጅቷን ይዞ የሚሄደው አባት ሆነ። በዚያ ጠዋት ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ሥራ ረፍዶባት እያለ ክንዱን ያዘችው።

«ለዶክተሯ ንገራት። አመሻሽ ላይ መብራት ሲያርፍበት ነጭ ይሆናል በላት።»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ልረሳው ነው እንዴ?»

«አንተማ አትረሳም። አንተ ‹ደህና› ትላለህ። እሱን ነው የፈራሁት።»

ዶክተሯን ቤተሰቡ ያውቃታል። ትልቁንም ልጅ ያየችው እሷ ነበረች፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ በእስክሪብቶና በካርድ ነበር። ሕፃኑን ተቀብላ እጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ወላጅን ዓይን ዓይኑን እያየች «እንዴት ናችሁ?» ትላለች። «ደህና ነን፣ ተመስገን» ይላሉ። ይሄኔ እስክሪብቶዋን ትከድንና ፈገግ ብላ፣ «እሺ፣ ደህናውን ሰማሁ። አሁን ዋናውን ንገሩኝ» ትላለች። ያቺ አንዲት አነጋገር ስንት ነገር ከሰው ሆድ አውጥታለች! ሚስቱ አራስ ሳለች ሌት ተቀን ታለቅስ እንደነበር ደህናው ለሰው ተናግሮ የሚያውቀው ያቺን ጥያቄ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ተናግሮ ሲጨርስ እሱም አለቀሰ፤ ዶክተሯም ጊዜ ወስዳ ጠበቀችው።

አሁን ክፍሏ ተለውጧል። ካርዱ የለም። ኮምፒውተሩ ግድግዳው ጥግ ነው የተቀመጠው፣ ሶኬቱ እዚያ ስለሆነ። ዶክተሯ ወደ ግድግዳው ዞራ ትቀመጣለች። ወላጅ ከጎኗ ሲቀመጥ የሚታየው ጆሮዋና መነጽሯ ላይ የሚንቀለቀለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ደህናው መጀመሪያ ብዙም አልገረመው፤ እሱም እንጀራው ከሰው ጀርባ ቆሞ ማውራት ነው። ብቻ እሱ ጋ መስታወት አለ። ደንበኛው ፊቱን ቢያጨፈግግ በመስታወቱ ያየዋል፤ ይጠይቀዋል። ይሄኛው መስታወት ግን ማንንም አያሳይም።

«እንዴት ናችሁ?» አለች ዶክተሯ፣ ሳትዞር።

«ደህና ነን! በጣም ደህና! ተመስገን! እርስዎስ፣ ዶክተር?»

ጠቅ።

ደህናው ድምቡሼን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ ጠበቀ። «ደህናውን ሰማሁ» እስክትለው ነበር የሚጠብቀው። ነገሩን በልቡ አዘጋጅቶታል፦ መብራት፣ አመሻሽ፣ የድመት ዓይን።

«ምግብ?»

«ምግብ… ደህና ነው።»

ጠቅ።

«እንቅልፍ?»

«ደህና።»

ጠቅ።

«መስማት?»

«እሱማ ደህና ነው፤ ከጎረቤት የብስኩት ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ትሰማለች!» አለ ለማሳቅ። አልሳቀችም። እውነቱን ለመናገር አልሰማችውም። ጠቅ።

«ማየት?»

ደረሰ። ደህናው ጉሮሮውን ጠረገ። «ደህና ናት…» አለ፣ እንደ አመሉ፣ እንደ ሁላችንም አመል፤ ከዚያ «ብቻ ምን መሰለዎት» ሊል ትንፋሹን ሳበ።

ጠቅ።

«መራመድ?»

የልጅቷን ነገር የበላው ያ ትንፋሽ ነው። የዶክተሯ ጣት ከሰው ትንፋሽ ቀድሞ ሄደ። ክፉ ሰው ሆና አይደለም! ገጹ ካልሞላ አይዘጋም፤ ገጹ ካልተዘጋ የሚቀጥለው ልጅ አይከፈትም፤ ውጭ ኮሪደሩ በልጅ ለቅሶ ታምሷል፤ ነርሷ በሩን ገርበብ እያደረገች በዓይኗ ትለምናታለች። «ደህና» የሚለውን ሲጫኑት ያልፋል። «ችግር አለ» የሚለውን ሲጫኑት ግን ሌላ ገጽ ይዘረግፋል፤ እሱ ደግሞ ሌላ። እሷም ሰው ናት፤ ደክሟታል።

ልጅቷን መዘነቻት፤ ቁመቷን ለካች፤ ልቧን አዳመጠች። ዓይኗን በባትሪ ልታይ ስትሞክር ድምቡሼ ጮኸች፤ ዓይኗን ጨፍና አገጯን አባቷ ደረት ውስጥ ቀበረች። «እሺ፣ እሺ ሚጡዬ፣ ተይው» አለች ዶክተሯ፤ ወደ ኮምፒውተሩም ዞረች። እዚያ ላይ አስቀድሞ ደህና ተብሏል።

ማተሚያው ማንቋረር ሲጀምር «ሌላ የሚጨምሩት ነገር አለ?» አለችው።

«የለም፣ ዶክተር… ብቻ እናቷ፣ ዓይኗን…»

«ዓይኗን?» አለች። ዞረች። ግን የዞረችው ወደ እሱ አይደለም፤ ወደ ኮምፒውተሩ ነው፤ ገጹን ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርጋ አነበበች። «ማየት፣ ደህና፣ ይላል እዚህ።»

አሁን ምን ይበል? «ቅድም የነገርኩዎት ውሸት ነው» ይበል? ሰው አስቀይሞ የማያውቅ ሰው፣ ነርስ በር ላይ ቆማ፣ የሌላ ሰው ልጅ ውጭ እያለቀሰ? ላብ አጠመቀው።

«አዎ፣ አዎ፣ ደህና ነው» አለና ሳቅ አለ። «እናቷ ትንሽ ፈሪ ናት።»

«እናቶች እንደዚያው ነን» አለች ዶክተሯ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቅ ባለ ድምፅ፤ ወረቀቷንም ሰጠችው።

አመሻሽ ላይ ሚስቱ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ነገርካት?» አለችው።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

ደህናው ወረቀቷን ዘረጋላት። «ይኸው። ማየት፣ ደህና ይላል።»

ሚስቱ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ማኅተም አለው፤ የዶክተሯ ስም አለው። ከባሏ አፍ የወጣው «ደህና» በኮምፒውተር ዞሮ የሐኪም ቃል ሆኖ ቤቷ ገባ፤ እሷስ በምን ታውቃለች? «ተመስገን!» አለች። ልጅቷን አንስታ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሳመች፤ ግራውን ደጋግማ። ወረቀቷን ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፈቻት። ያን ቀን ደህናው እራት አልበላ አለው። ሚስቱ «ምነው?» ብትለው የመለሰላትን መቼም ታውቁታላችሁ።

ወራት ሄዱ። የድምቡሼ ግራ ዓይን ወደ አፍንጫዋ ዘመም ማለት ጀመረ። እናቲቱ ልቧ በራደ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ፊት ሄዳ ትቆማለች፤ ታነባለች፤ ትመለሳለች። «ዶክተሯ አይታዋለች አይደል?» ትላለች። «አይታዋለች» ይላታል። አንዴ የተዋሸ ውሸት በየቀኑ ካልመገቡት አይኖር።

አንድ ቀን ልጅቷን ፀጉሯን ሊያስተካክላት ሱቁ ወሰዳት። ወንበሩ ላይ ሳንቃ አጋድሞ አስቀመጣት፤ አንገቷን በነጭ ጨርቅ አሰረላት። መሽቷልና ከመስታወቱ በላይ ያለውን መብራት አበራ። በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱ ተያዩ፤ አባትና ልጅ። አንዱ ዓይኗ ጥቁር ነው። አንዱ ዓይኗ ነጭ ነው።

መቀሱ እጁ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ደህና?» አለችው በመስታወቱ።

«ደህና ነኝ፣ የኔ ዓለም» አላት። ለራሱም «ሐኪም ደህና ብላለች» አለ። ማን ምን እንዳለ ጠፍቶት እንዳይመስላችሁ! ያውቃል። ግን ተጽፏል፤ ታትሟል፤ የተጻፈውን እሱ ማን ነውና ያፈርሰዋል? ደግሞ አሁን ቢናገር ሚስቱን ምን ይላታል? እጁን ዘርግቶ መብራቱን አጠፋ። ቀሪውን ፀጉር በጨለማው ቆረጠው። ተዛንፎ ወጣ፤ እናቷ ስታይ «ዛሬ ምን ነካህ?» ብላ ሳቀችበት።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ ሚስቱ «ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ» ብላ ከሥራ ቀረች። ሦስቱም ሄዱ። በዚያ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። የዶክተሯ ክፍል ደብዘዝ ብሏል፤ ኮምፒውተሩ ጠቁሮ ተቀምጧል። ዶክተሯ እጇን የምታሳርፍበት አጥታ ጭኗ ላይ አጣምራዋለች። ሲገቡ ወንበሯን ወደ እነሱ አዞረች፤ ያ ወንበር መዞር እንደሚችል ደህናው ያኔ አወቀ።

«መብራቱ እምቢ አለን» አለች ፈገግ ብላ። «ኑ፣ ተቀመጡ። እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን፣ ተመስገን» አለ ደህናው።

ዶክተሯ ዓይን ዓይኑን አየችው። «እሺ፣ ደህናውን ሰማሁ» አለች። «አሁን ዋናውን ንገሩኝ።»

ያን ጊዜ የጠበቃት አነጋገር ይኸው መጣች። አሁን መጥታ ምን ልትሆን!

«ዋናውንማ ነግረንዎት ነበር፣ ዶክተር» አለች ሚስቱ። «ዓይኗን። ነጭ እንደሚሆን። አባቷ ባለፈው ነገረዎት፤ እርስዎም ደህና ነው ብለው ጻፉልን። እኔ ግን አሁንም አላማረኝም።»

ዶክተሯ ሰውየውን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ። በእጅ የሚያዘውን መመርመሪያ መብራት አነሳች፤ ድምቡሼ ፊት ተንበረከከች። ልጅቷ በዚህ ጊዜ አላለቀሰችም፤ ብርሃኑን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። ክፍሉ ጨለም ስላለ ብሌኗ ሰፍቶ ተከፍቷል። ዶክተሯ አጎንብሳ ቆየች። ቀኙን ዓይን አየች፤ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰች።

«መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ከባለፈው ቀጠሮ በፊት ነዋ! ነግሮዎታል እኮ!»

በዚህ መሐል መብራት መጣ። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ሰው «እሰይ!» አለ። ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ ተነፈሰ፤ የድምቡሼን ገጽ አምጥቶ ግድግዳው ጥግ አበራው። ከሁሉም ቅርብ የተቀመጠችው እናት ናት። ማንበብ ትችላለች፤ አነበበች።

«ማየት፣ ደህና። ወላጅ የገለጸው ችግር…» ቆመች። «የለም?»

ወደ ባሏ ዞረች። «ነገርኳት አላልከኝም?»

ዕድሜ ልኩን አፉ ላይ የኖረችው ቃል እንኳ ጠፋችበት።

«እኔ ነኝ» አለች ዶክተሯ፤ መነጽሯን አውልቃለች። «‹እናቷ፣ ዓይኗን› ብለውኝ ጀምረው ነበር። አስታውሳለሁ። ኮምፒውተሩን አየሁ እንጂ እሳቸውን አላየሁም። ዞሬ ላያቸው ይገባኝ ነበር።» ሚስቱ አልሰማቻትም። ባሏን እንዳየችው ቀረች።

ትልቁ ሆስፒታል «ዕጢ ነው» አለ። ዓይን ውስጥ የሚበቅል ክፉ ዕጢ። የግራው ዓይን መውጣት ነበረበት፤ ወጣ። ቀኙም ውስጥ የዚያው ዕጢ ትንንሽ ዘሮች ተገኙ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ…» ብሎ ጀምሮ የነበረው የዓይን ሐኪም የእናቲቱን ፊት ሲያይ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ባይጀምረው ይሻል ነበር።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሚስቱ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት በወደደ! ወረቀቷን ከቁም ሳጥኑ ላይ ልጣ እንኳ አልቀደደችም፤ አጥፋ ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወዲህ «እንዴት ዋልክ?» ብላው አታውቅም። ምግብ ታቀርባለች፤ የልጅቷን መድኃኒት ሰዓት ታስታውሰዋለች፤ ከዚያ ውጭ ግን ምንም አትጠይቀውም። የሚመልሰውን አንዴ አውቃዋለችና።

ሱቁም ጸጥ አለ። ደንበኛ ገብቶ «እንዴት ነህ፣ ደህናው?» ሲለው ጨርቁን አራግፎ ወንበሩን ያሳየዋል። ያልሰሙት «ኮራ» አሉት። የሰሙት ስሙን ተዉት፤ «አንተ» ማለት ጀመሩ። ከመስታወቱ በላይ ያለው መብራት የልጅቷን ፀጉር ከቆረጠበት ምሽት ወዲህ በርቶ አያውቅም።

ለቀኙ ዓይን ሕክምና በሚመላለሱበት አንድ ጠዋት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ አዲስ ወጣት ሐኪም ገጠማቸው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሰፊ ነው። ድምቡሼ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣለች፤ በግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ጨርቅ ተለጥፏል፤ ጉንጯ ሟሟ እንጂ ስሙ አልቀረላትም። እናቷ ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«እሺ፣ ባለፈው ሳምንት እንዴት ነበራችሁ?» አለ ሐኪሙ፤ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ።

አባት ዝም። እናት ዝም። ኮምፒውተሩ ጠበቀ።

ድምቡሼ አገጯን ቀና አደረገች። ዓይኗን ያጣችው ልጅ፣ ሰው ሲጠይቅ መልስ እንደሚሰጥ ከአባቷ የተማረችው ልጅ፣ በዚያው ዜማ፣

«ደህና! በጣም ደህና!» አለች።

ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ ጣቱ ወረደ።

«አትጫነው!» አባቷ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ ልጅቷን ደረቱ ላይ እንደያዘ። «እንዳትጽፈው! ደህና አይደለችም! ሰማህ? ልጄ ደህና አይደለችም! እኔም ደህና አይደለሁም! ማንም ደህና የለም!» ሐኪሙ እጁን ከቁልፉ አነሳ፤ ወንበሩን አዞረ፤ አሁን አያቸው። እናቲቱ በሩን ተደግፋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ድምቡሼ ደንግጣለች። አባቷ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። አጠፋሁ ብላ መሰለኝ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«ደህና ነኝ እኮ፣ አባባ» አለችው። እንባውን ልትጠርግለት እጇን ዘረጋች። እጇ በጉንጩ ጎን አልፎ አየሩን ዳበሰ፤ ትንሽ ፈለገ፤ እንደገና ፈለገ። ፊቱ የት እንዳለ አላገኘችውም።

አባቷ ትንሿን እጇን ያዘና ራሱ ፊቱ ላይ አስቀመጠላት።